ትንሽ መኪና በዳገትና በጭቃ፤ ስለ ፎር ዊል በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

(ይህ ንግግር በጠቅላላው ስብሰባ ላይ የተነበበ ሲሆን፣ በዕለቱ ሊገኙ ላልቻሉ ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳችን ላይ ለጥፈነዋል።)



እንደሚታወቀው ባለፈው ስብሰባችን ላይ ማኅበሩ ለሌሊት ችግር የምትሆን አንዲት ያገለገለች ትንሽ መኪና እንዲገዛ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የሐሳቡ መነሻ ለማንም የተሰወረ አይደለም። መንገዳችን ከአስፋልቱ ተነሥቶ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ኮብልስቶን ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ቀይ አፈር ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ያ ቀይ አፈር ምን እንደሚሆን የምናውቀው እኛው ነን። አምቡላንስ ቢጠራ ወፍጮ ቤቱ ጋ ቆሞ «ውረዱ» ይላል። ባለፈው ክረምት ሁለት ጊዜ ምጥ የያዛቸውን እናቶች በቃሬዛ ያወረድነው ለዚሁ ነው። አንደኛዋን ያወረድናት በዝናብ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር።

ታዲያ በስብሰባው ላይ ግማሹ ሰው «ፎር ዊል ካልሆነች ገንዘባችንን ጭቃ ላይ መጣል ነው» አለ። ሌላው ግማሽ ደግሞ «ፎር ዊል የሚሉት ቤንዚን መጠጣትና ጋራዥ ማደር ነው» አለ። ጭቅጭቁ ሊቆም ስላልቻለ እኛ አራታችን ነገሩን አጥንተን እንድናቀርብ ታዘዝን። ከአራታችን ሁለታችን ዕድሜያችንን በጋራዥ የጨረስን ነን፤ አንዳችን የጭነት መኪና ሾፌር የነበረ ነው፤ አራተኛው ሒሳብ አስተማሪ ነው። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው የአራታችን ቃል ነው፤ በአንድ ነገር ላይ ብቻ ተለያይተናል፤ እሱንም ወደ መጨረሻው እንነግራችኋለን።

በመጀመሪያ ፎር ዊል ማለት ምን እንደሆነ እንስማማ። ሁሉም መኪና አራት ጎማ አለው፤ ጥያቄው የሞተሩ ጉልበት የሚደርሰው ለየትኞቹ ጎማዎች ነው የሚለው ነው። በከተማችን የምናያቸው ትንንሽ መኪኖች፣ ቪትዙም፣ ያሪሱም፣ ዲዛየሩም፣ ባመዛኙ የፊት ሁለት ጎማዎቻቸው ናቸው የሚጎትቱት። የኋላዎቹ ይከተላሉ እንጂ አይገፉም። የድሮዋ ላዳ ታክሲ ግን በተቃራኒው ናት፤ የኋላዎቹ ይገፋሉ፣ የፊቶቹ ይመራሉ። ፎር ዊል የምንለው ጉልበቱ ለአራቱም የሚደርስበትን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ቪትዝ ሜዳ ላይ እንደ ልቧ እየሄደች የእኛን ዳገት ስትጀምር ለምንድን ነው የፊት ጎማዋ ባዶውን የሚሽከረከረው? ምክንያቱ ይህ ነው። ዳገት ላይ የመኪና ክብደት ወደ ኋላ ይዞራል፤ ልክ በጀርባው ጆንያ የተሸከመ ሰው ዳገት ሲወጣ ወደ ኋላ እንደሚጎትተው ማለት ነው። በዚያ ላይ ሦስት ሰው ከኋላ ወንበር ቢቀመጥ የፊቱ ይብስ ይቀልላል። ጎማ ደግሞ መሬት የሚይዘው በላዩ ባለው ክብደት ልክ ነው። ስለዚህ በፊት ጎማ የምትጎተት መኪና ጉልበት በምትፈልግበት ሰዓት እግሯ ይቀልባታል። የድሮ ሾፌሮች እንዲህ ያለችውን መኪና አዙረው በሪቨርስ ዳገት የሚያወጡት ይህንኑ ስለሚያውቁ ነው፤ ቀልድ አይደለም።

አስተማሪው ባልደረባችን ይህንን በቁጥር አስልቶልናል። እናንተም በወረቀት ልትሞክሩት ትችላላችሁ። መኪናዋ ከነሰዎቿ 1,200 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያለው ዳገት በገመድና በውኃ ልክ ስንለካው፣ በ10 ሜትር ርዝመት 2 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ይህ ማለት መሬቱ መኪናዋን ወደ ኋላ የሚስባት በ240 ኪሎ ገደማ ኃይል ነው። ለመውጣት ከዚያ የሚበልጥ መያዣ ያስፈልጋታል። የቀለጠ ጭቃ ላይ ጎማ የሚይዘው፣ መቼም ቀኑና ጭቃው ይለያያል እንጂ፣ በላዩ ካለው ክብደት ሦስት አሥረኛውን ነው ብለን እንውሰድ። ከ1,200 ኪሎው ግማሹ፣ ማለትም 600ው ፊት ላይ ቢያርፍ፣ የፊት ጎማዎቹ የሚይዙት 180 ኪሎ ብቻ ነው። 240 ሲፈለግ 180፤ መኪናዋ ትቆማለች። አራቱም ጎማ ቢሠራ ግን ሙሉው 1,200 ስለሚቆጠር መያዣው 360 ይሆናል፤ ትወጣለች ማለት ነው። ጭቃው ራሱ ጎማውን ለመያዝ የሚወስደውን እንኳ ብንቀንስ ይተርፋል።

ይኸው ስሌት ግን ሌላም ነገር ያሳያል፤ እሱን ደግሞ ፎር ዊል ወዳዶቹ ልብ በሉልን። ደረቅ ኮብልስቶን ላይ ጎማ የሚይዘው ከክብደቱ ሰባት አሥረኛ ያህል ይሆናል። 600ውን በዚህ ብናባዛው 420 ነው፤ ስለዚህ የፊት ጎማ ብቻ ይበቃል። በዝናብ የረጠበ ኮብልስቶን ላይ ጥርሱ ደኅና የሆነ ጎማ ግማሹን ያህል ቢይዝ 300 ነው፤ አሁንም ይበቃል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ግን ወደ ሦስት ተኩል አሥረኛ ቢወርድ 210 ይሆንና መኪናዋ እዚያው ትቀራለች። እንግዲህ በኮብልስቶኑ ላይ ጎረቤቶቻችንን ሲያስቸግር የምናየው የፎር ዊል እጦት አይደለም፤ የላጨ ጎማ ነው። ከወፍጮ ቤቱ በታች የምትኖሩና የራሳችሁን ትንሽ መኪና ለመግዛት ዕቁብ የምትጥሉ ሰዎች፣ ምክራችን ይኸው ነው፦ ለፎር ዊል የምትጨምሩትን ገንዘብ ለአራት ደኅና ጎማ አድርጉት። ይተርፋችሁማል።

ከወፍጮ ቤቱ በላይ ለምንኖረው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ እንምጣ፤ ምክንያቱም ደላላ «ፎር ዊል ናት» ሲላችሁ የሚናገረው ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ዓይነት ሾፌሩ ሲፈልግ ብቻ የሚያስገባው ነው። ሱዙኪ ጂምኒ እንዲህ ናት። በዘወትር የኋላ ጎማዎች ይሠራሉ፤ ጭቃ ሲመጣ ማንሻ ተስቦ ወይም ቁልፍ ተጭኖ የፊቶቹ ይጨመራሉ። በዚህ ላይ ዝቅተኛ ማርሽ ስላላት ለዳገት የምታሳዝን አይደለችም። እንዲያውም በትንሽነቷ ትልልቆቹን የምታሳፍር ናት። በዚህ መንገድ በጅምላ ከተሠሩት ትንንሽ የቤት መኪኖች ቀደም ካሉት አንዷ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣችው ሱባሩ ሊዮኔ ናት። በ1983 ጣሊያኖች በፊያት ፓንዳ ላይ የኦስትሪያው ሽታየር ፑክ የሠራውን ዕቃ ጨምረው ባለ 965 ሲሲ ሞተር ትንሽ መኪና ተራራ ለተራራ እንድትሄድ አድርገዋል። ይህ ዓይነት ቀላልና ጠንካራ ነው። አንድ ክፉ ጠባይ ግን አለው፤ እሱም በደረቅ አስፋልት ላይ አስገብተውት መንዳት አይቻልም። መኪና ሲዞር የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ፊትና ኋላው አንድ ላይ ከታሰሩ፣ ጭቃ ላይ ቢሆን ጎማው ተንሸራቶ ራሱን ያስተካክላል፤ አስፋልት ላይ ግን መንሸራተት ስለማይችል ጥርሱና ዘንጉ እርስ በርስ ይጨናነቃሉ። መሪው ይከብዳል፣ መኪናው ይነጫነጫል፣ በመጨረሻ የሆነ ነገር ይሰበራል። የሰው መኪና ተውሰው ፎር ዊል እንዳስገቡ እስከ መርካቶ የሚነዱ ሰዎች አሉ፤ እግዚአብሔር ይይላቸው።

ሁለተኛው ዓይነት ሁልጊዜ አራቱም ጎማ የሚሠራበት ነው። ይህ መጨናነቅ እንዳይኖር በመካከል ሌላ ዲፈረንሻል አለው። በሰፊው የምናውቃት ምሳሌ ላዳ ኒቫ ናት። ይህች መኪና በሶቪየት ኅብረት፣ በቶልያቲ ከተማ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 መሠራት የጀመረች ስትሆን፣ ከመካከለኛው ዲፈረንሻል ጋር መቆለፊያና ዝቅተኛ ማርሽ አላት። ዳይሃትሱ ቴሪዮስም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምራ ስትወጣ ፎር ዊል የሆነችው እንዲሁ ሁልጊዜ አራቱም የሚሠራ፣ መካከሉ በቁልፍ የሚቆለፍ ናት። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣችው የመጀመሪያዋ ራቭ ፎርም በዚሁ መደብ ነበረች። መቆለፊያው ለምን አስፈለገ ትሉ እንደሆነ፣ ዲፈረንሻል ሰነፍ ነገር ስለሆነ ነው፤ ጉልበቱን የሚልከው ሥራ ወደ ቀለለው ጎማ ነው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ባዶውን ሲሽከረከር ጉልበቱ ሁሉ ወደዚያ ይፈስና ሦስቱ ዝም ይላሉ። ሲቆለፍ ግን ፊትና ኋላው እኩል ይካፈላሉ። ስለዚህ ቁልፉ የሚሠራ መሆኑን ሳታዩ እንዲህ ያለች መኪና አትግዙ።

ሦስተኛው ዓይነት ነው እንግዲህ ሰውን የሚያታልለው። በትንንሾቹ የቤት መኪኖች ላይ የሚገኘው ባመዛኙ ይህ ነው። ለምሳሌ ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ ስትወጣ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ፎር ዊልም ነበራት፤ ለጃፓን የበረዶ አገር ሰዎች የተሠራች ናት። ይህች መኪና በዘወትር በፊት ጎማ ትጎተታለች። ወደ ኋላ በሚሄደው ዘንግ ላይ እንደ ጣሳ ያለ የተዘጋ ዕቃ አለ፤ ውስጡ የተደራረቡ ስስ ሳህኖችና ወፍራም የሲሊኮን ዘይት አለበት። የፊት ጎማው ሲያሽከረክርና የኋላው ሲቆም፣ ሳህኖቹ በዘይቱ ውስጥ በተለያየ ፍጥነት ይዞራሉ፤ ዘይቱም ይግልና ይወፍራል፤ ያን ጊዜ ጉልበት ወደ ኋላ ይሻገራል። በኋላ በወጡት መኪኖች፣ ለምሳሌ በሦስተኛው ትውልድ ራቭ ፎር ላይ፣ ይህንን የሚወስነው ኤሌክትሪክ ነው። ብልኃቱ ጥሩ ነው፤ በረዶ በተነጠፈበት ሜዳ መንገድ ላይ ሰውን ያድናል። ለእኛ ጭቃ ግን ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛ፣ መኪናዋ መጀመሪያ ማሽከርከር ከዚያ መርዳት ስለሆነ፣ እስኪረዳ ድረስ ጎማው ጉድጓዱን ቆፍሮ ይጨርሳል። ሁለተኛ፣ መኪናዋ ራሷ ዝቅ ያለች ናት። ሆዷ ጭቃ ላይ ከተቀመጠ አራት አይደለም ስምንት ጎማ ቢሽከረከር ፋይዳ የለውም።

እንግዲህ ከዚህ ላይ ስለ ፍሬን አንድ ቃል መናገር አለብን፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ የሰው ሕይወት አለ። ፎር ዊል መኪና ማስነሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ማንኛውም መኪና፣ ፎር ዊል ሆነ አልሆነ፣ ፍሬኑ በአራቱም ጎማ ላይ ነው። ስለዚህ በዝናብ ጊዜ ፎር ዊሏ ከሌላው ቀድማ አትቆምም፤ እንዲያውም ዘንግና ዲፈረንሻል ስለተጨመረባት ትንሽ ትከብዳለች። አደጋው ያለው ስትወጣ ምንም ስለማይሰማችሁ ነው። በፊት ጎማ የምትጎተተው መኪና መንገዱ እንደሚያንሸራትት ገና ስትነሣ ትነግራችኋለች፤ ፎር ዊሏ ግን ዝም ብላ ትወጣና የምትነግራችሁ ቁልቁለቱ ላይ፣ ኩርባው ጋ ስትደርሱ ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርድ ሁሉ በወረደ ማርሽ፣ ሞተሩ እንዲይዘው አድርጎ ይውረድ። ቤንዚን ለመቆጠብ በዜሮ የሚወርዱ ልጆች አሉ፤ ወላጆች እባካችሁ ንገሯቸው። ፍሬን ከጋለ በኋላ እምቢ ሲል የሚሰማ የለም።

ዋናው የገንዘብ ጉዳይ ደግሞ ጎማ ነው። አገራችን ውስጥ ጎማ የምንገዛው ሁለት ሁለት፣ ሲብስም አንድ አንድ ነው። ጎሚስታው ጋ ሄደን «ደኅና ሰልባጅ አለህ ወይ?» እንላለን፤ እሱም የመጠኑን ነገር «ያው ነው» ብሎ ይገጥማል። በፊት ጎማ ለምትጎተት መኪና ይህ ቢያስጠላም አይሰብራትም። ለፎር ዊል ግን መርዝ ነው። አንዱ ጎማ አዲስ፣ ሌላው የላጨ ከሆነ ትንሹ ጎማ ቶሎ ቶሎ ይዞራል። መኪናዋም ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ እየሄደች ሳለ «እየተንሸራተትኩ ነው» ብላ ታስባለች። ያ የሲሊኮን ጣሳ ያለ ዕረፍት ይግላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሳህኖቹ ተጣብቀው እስከ መጨረሻው ይቆለፋሉ፤ ወይም ዘይቱ ወጥቶ ጣሳው ባዶ ይሆናል። ሱባሩ ለመኪኖቹ ያወጣው ልክ የአራቱ ጎማዎች ዙሪያ ልዩነት ከሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6 ሚሊ ሜትር ትንሽ ከሚበልጥ፣ እንዳያልፍ ነው። ይህ በጥርስ ጥልቀት ሲታሰብ 1 ሚሊ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ስለዚህ ፎር ዊል የምትገዛ ማኅበር አንድ ጎማ ቢፈነዳባት አራት ጎማ ለመግዛት ሳትወድ በግድ ትዘጋጅ። ስኮርቱም ቢሆን በመጠን የተለየ ከሆነ እስከ ጎሚስታው ድረስ ቀስ ብሎ ለመድረስ እንጂ ለሳምንት መንጃ አይደለም።

መጎተትም እንዲሁ ነው። የተበላሸች ፎር ዊል ሁለት ጎማዋ ተነሥቶ ሁለቱ መሬት ላይ እየተንከባለሉ እንድትጎተት አትፍቀዱ። መኪና ላይ ተጭና ትሂድ። ጎታቹ «ምንም አትሆንም» ቢላችሁ ኃላፊነቱን በጽሑፍ ይስጥ።

የቤንዚኑን ነገር እንደተፈራው አላገኘነውም። በተመሳሳይ መኪና ላይ ፎር ዊል ሲጨመር ክብደቱ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ይጨምራል፤ ቤንዚኑም ባመዛኙ ከመቶ አምስት እስከ አሥር ያህል ነው። ለሌሊት ብቻ ለምትወጣ መኪና ይህ ጉዳይ አይደለም። ይልቅስ የሞተሩ ጉልበት ያሳስበን። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ አሥር ያህል ስለሚያጣ፣ እዚህ ስንደርስ ሩቡ የለም። በዚህ ምክንያት ባለ 1.0 ሊትሯ ትንሽ መኪና፣ አራት ሰው ጭና ያንን ዳገት ከመነሻው ስትጀምር ጎማዋ ባይንሸራተትም ሞተሯ ይጠፋል፤ አለዚያም ፍሪሲዮኗ ይሸታል። ከ1.3 ሊትር በታች እንዳንገዛ እንላለን።

አሁን ደግሞ ስለ ገበያው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ፣ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ በኋላ፣ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት በቀረጡ ብዛት የማይሞከር ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ይህ ማለት ለእኛ ምን ማለት ነው? የምናማርጠው እዚሁ ካሉት፣ እጅ በእጅ ሲተላለፉ ከኖሩት መኪኖች መካከል ነው። ዋጋቸው ከዕድሜያቸው ጋር አልወረደም፤ እንዲያውም ወጥቷል። ሻጩም ይህንን ስለሚያውቅ ጉድለቱን ይሸፍናል። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ፎር ዊል ሲሆኑ ለፊትና ለኋላ የየራሳቸው ሞተር ስላላቸው ዘንግም ጣሳም የላቸውም፤ ነገር ግን ለማኅበራችን ቦርሳ የሚሆኑ አይደሉም፤ መብራቱም በሚጠፋበት ሌሊት ነው የምንፈልጋቸው።

ስለዚህ ያገለገለ ፎር ዊል ስታዩ፣ ለማኅበሩም ሆነ ለራሳችሁ፣ እንዲህ አድርጉ። ከኋላ የተለጠፈውን ጽሑፍ አትመኑ፤ ጽሑፍ በመርካቶ ይሸጣል። ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩ። ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ረጅም ዘንግ አለ ወይ? በኋላ ጎማዎቹ መካከል ድንች የሚያህል ሳይሆን የሕፃን ራስ የሚያህል ዲፈረንሻል አለ ወይ? ዲፈረንሻሉ ኖሮ ዘንጉ ከሌለ ነገር አለ ማለት ነው። ጣሳው የተበላሸባቸው ሰዎች ለአዲስ ዕቃ ከማውጣት ዘንጉን ፈትተው ጥለው፣ መኪናዋን በፊት ጎማ ብቻ እየነዱ፣ «ፎር ዊል» ብለው በፎር ዊል ዋጋ ይሸጧታል። ይህንን በዓይናችን አይተናል።

ቀጥሎ ደረቅ አስፋልት ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ በእርምጃ ፍጥነት ክብ ዙሩ። መኪናዋ እንደተያዘች ዓይነት ከታነቀች፣ ከኋላም ጓ ጓ ካለች ጣሳው ተጣብቋል። ከፊት ጎማ በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የፊት ዘንጉ መገጣጠሚያ አልቋል፤ የጎማ ሽፋኑ መቀደዱን በእጃችሁ ዳስሱ። ከዚያ የኋላውን ዲፈረንሻል ዘይት መካኒኩ ከፍቶ በጣቱ ያውጣ። እንደ ወተት የነጣ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል፤ ያቺ መኪና ጎርፍ ወይም ወንዝ ውስጥ ቆማለች። እንደ አልማዝ የሚያብረቀርቅ የብረት ትቢያ ካለበት ሳትደራደሩ አመስግናችሁ ሂዱ። የአራቱን ጎማ ቁጥር ግን እናንተው አንብቡ፤ ይህንን ለማንም አትተዉ።

በመጨረሻም ጭቃ ፈልጉ። ሻጩ ጭቃ ውስጥ አላስገባም ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል። ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ፣ ከመኪናዋ ራቅ ብሎ ቆሞ የኋላ ጎማዎቹ አብረው መዞራቸውን ይመልከት። ከፊትና ከኋላዋ ማንም እንዳይቆም።

ሊብሬውንና የቦሎውን ነገር እዚህ አናስረዝመውም፤ የማኅበሩ ጸሐፊ ያውቁታል።

ታዲያ ለማኅበራችን የትኛዋ ትሁን? ኒቫ ለዳገቱ ከሁሉም ተስማሚ ናት፤ ከመሬት ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላ ትሄዳለች። ነገር ግን በብዛት የምትገኘው የጎን በሯ ሁለት ብቻ የሆነው ናት። ምጥ የያዛትን እናት የፊት ወንበር አጥፎ ወደ ኋላ ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ እናቶች ንገሩን። ጂምኒም በዚሁ ምክንያት ትቀራለች፤ የኋላ ወንበሯም ለልጅ ነው። ስለ በር ያሰበ ሰው በስብሰባው ላይ አልነበረም፤ ይህንን ያሳሰቡን አንዲት በሰፈራችን ለብዙ ዓመት ያዋለዱ እናት ናቸው፤ እናመሰግናቸዋለን። ስለዚህ ሐሳባችን የጎን በሯ አራት የሆነች ቴሪዮስ፣ መካከለኛ ዲፈረንሻሏ የሚቆለፍ፣ ወይም የቀድሞዋ ራቭ ፎር ባለ አራት የጎን በር ብትሆን ነው። ሁለቱም ስም ፎር ዊል ያልሆኑም ስላሉ ከሥር ሳይታዩ አይገዙ።

አሁን የተለያየንበትን እንንገራችሁ። ሦስታችን መኪናዋ ትገዛ እንላለን። የቀድሞው ሾፌር ባልደረባችን ግን «ለመኪና የተሰበሰበው ገንዘብ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያለችውን ክፉዋን ቦታ በድንጋይ ያስነጥፍልናል፤ ድንጋይ ዘይት አይቀየርለትም፤ አምቡላንሱም፣ ታክሲውም፣ ቪትዙም ይወጣል» ይላሉ። በእርምጃ ብንለካ ጭቃው በእውነት የሚይዘው ቦታ ከ60 ሜትር አይበልጥም፤ የቀረው ዳገት ደኅና ጎማ ያላት መኪና የምትወጣው ነው። እኛ ሦስታችን የምንመልሰው፣ ንጣፉ ፈቃድ፣ የውኃ መውረጃ ቦይና የጎረቤት ቀበሌ ስምምነት ስለሚጠይቅ ለዚህ ክረምት አይደርስም ነው። እሳቸው ደግሞ መኪናዋም ብትሆን ሾፌሯ ማን እንደሚሆን፣ ሌሊት ቁልፏ ማን ጋ እንደሚያድር እስካሁን አልተወሰነም ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ አልተወሰነም። ሁለቱም ሐሳብ እኩል ለድምፅ ይቅረብ ብለናል።

ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በማኅበሩ ግቢ ነው። ከዚያ በፊት ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ቴሪዮስ ለማየት ሻጩን ወደዚሁ ቀጥረነዋል፤ እዚያው ዳገት ላይ እንሞክራታለን። ማየት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ። ቦቲ ጫማ አድርጉ፤ ልጆችን ግን ከመንገዱ ዳር አርቃችሁ ያዙልን።